ለአንዷ ልጅ ሽሮፕ፣ ለአንዷ ልጅ መርፌ

መሃል አዲስ አበባ በሚገኝ ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም ነኝ። የሕክምና መመሪያችንን አንድ የማድረጉን ሥራ ያስጀመረችኝ አንዲት እናት ናት። ልጇም፣ አጠገቧ የተቀመጠችው እናት ልጅም ሳንባ ምች ተብለዋል። የሁለቱም ደረት ሲተነፍሱ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል።

«ዶክተር፣ የሷ ልጅ ሽሮፕ ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ የኔ ለምን ተኝቶ መርፌ ይወጋል? የኔ ባሰበት እንዴ?»

አልባሰበትም። ልዩነቱ የተረኛው ሐኪም ብቻ ነበር። አንዱ የተማረው በድሮው መመሪያ ነው፤ ደረት ከተሰረጎደ ይተኛ፣ ይወጋ የሚለው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2014 እ.ኤ.አ. ይህን ቀይሯል። ልጁ የአደጋ ምልክት ከሌለው፣ የደሙ ኦክስጅን ካልወረደና ኤችአይቪ ከሌለበት አሞክሲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ በአፍ እየወሰደ ቤቱ መታከም ይችላል። ሁለቱም ጎበዝ ሐኪሞች ናቸው። እናትየው ግን ይህን በምን ታውቃለች? በጣም አፈርኩ።

አራት ኪሎ ካፌ እየተቀመጥኩ፣ ከሥራ በኋላ፣ 40 ገጽ መመሪያ ጻፍኩ። ታተመ፣ ታደለ። ከወር በኋላ ኮፒዎቹን መሳቢያ ውስጥ አገኘኋቸው። ማንም አልገለጣቸውም።

እዚያው ዋርድ ብዙ ዓመት የሠራችውን ሲስተር ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ዶክተር፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሕፃን እያለቀሰ መጽሐፍ አላነብም። ኪሎውን ልይ፣ ስንት ሚሊ እንደምሰጥ ንገረኝ።»

ስለዚህ በሽታ በገጽ አደረግነው፤ ለአንድ በሽታ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ፣ በኪሎ የተሠራ ሠንጠረዥ። የአሞክሲሲሊኑን ገጽ ያዳነችን ደግሞ ፋርማሲስታችን ናት። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በቀን ሁለት ጊዜ 10 ሚሊ ብዬ ጽፌ ነበር። ልክ ነው፤ ግን በ5 ሚሊ 250 ሚሊግራም ላለው ሽሮፕ። መደርደሪያዋ ላይ የነበረው 125ቱ ነው። በኔ ሠንጠረዥ ቢሰጥ ልጁ ግማሽ ዶዝ ብቻ ይወስድ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ሠንጠረዥ ለሁለቱም ጠርሙስ የተለያየ ዓምድ አለው። ከዚያ ወዲህ ፋርማሲ ያላየው ገጽ አይለጠፍም።

ከሁሉም የከበደው «ግሉኮስ» የምንለው፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ጉዳይ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ፊስት የተባለው ጥናት ውጤት ወጣ። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ ሕፃናት ተሳትፈውበታል። ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው ከተዳከመ ሕፃናት መካከል ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ከ100 ወደ 11 የሚጠጉት ሞቱ። ካልተሰጣቸው ደግሞ ወደ 7 ገደማ። እኔም ይህን ይዤ «በፍጥነት አይሰጥ» ብዬ በደፈናው ጻፍኩ።

አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ግን አልተስማሙም። ዕድሜ ልካቸውን በፈሳሽ ያዳኗቸው ልጆች አሉ። አዲስ ነገር ስለማይወዱ ነው ብዬ ተናድጄ ነበር። ተቀምጠን ጥናቱን አብረን ስናነብ ግን አስተማሩኝ። በተቅማጥ ውሃ ያጡ ሕፃናት ጥናቱ ውስጥ አልተካተቱም። ለነሱ ፈጣን ፈሳሽ ዛሬም ሕይወት አድን ነው። የኔ ገጽ እንዳለ ቢለጠፍ ኖሮ ተቅማጥ ያደከመውን ልጅ እናስጠብቀው ነበር። ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል። ገጹን እንደገና የጻፍነው አብረን ነው፤ ለሬዚደንቶቹ፣ ስፔሻሊቲ ለሚማሩት ሐኪሞች፣ ያስረዱትም እሳቸው ናቸው።

ከሚያነቡት ጋር ያልጻፍኩት መመሪያ ከእንግዲህ አላወጣም። በየገጹ ግርጌ የታተመበት ቀንና እንደገና የሚታይበት ቀን አለ። ከጎኑ ባዶ ወረቀትና በክር የታሰረ እስክሪብቶ አንጠልጥለናል። የማይሠራ ነገር ያየ ሁሉ እዚያ ይጽፋል። ነርሶቹ ከሐኪሞቹ ይበልጥ ይጽፋሉ።

ትናንት በተቅማጡ ገጽ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ተጽፎ አገኘሁ። «ዚንክ ለ10 ቀን ስጡ ይላል፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ዚንክ የለም።» ዛሬ ጠዋት ራውንድ ከመጀመሬ በፊት ፋርማሲ ሄድኩ።