ተረከዝህን አውርድ

በተራራ መሪነት ረዳት ሆኜ የሠራሁበት ሁለተኛው የበረዶ ወቅት ነበር። ሥራችን ደንበኞችን በረዶ በሆነ ፏፏቴ ላይ ማስወጣት ነው። ገመዱን ይዤ ቀድሜ የምወጣው እኔ ነኝ። አናቱ ላይ አስሬ ሌሎቹን አስከትላለሁ። ለዚህ ብዬ ወራቱን ሙሉ ብረት ላይ ተንጠልጥዬ ራሴን ስስብ ነው የከረምኩት። ክንዴን በጣም እተማመንበት ነበር።

የዚያን ቀኑ ፏፏቴ ቁመቱ 30 ሜትር ገደማ ነው። የላይኛው ክፍል ቀጥ ያለ ግድግዳ። ብርዱ ስለጠና በረዶው ተሰባሪ ሆኗል፤ መጥረቢያ ሲያርፍበት እንደ ሰሃን እየተላጠ ይወድቃል። አንድ ቦታ አራት አምስቴ እመታለሁ። ከያዘልኝም በኋላ አላምነውም። እጀታውን አንቄ ይዤ ነው የምወጣው።

20 ሜትር ላይ ክንዴ ድንጋይ ሆነ። በረዶው ውስጥ አዙሬ ያስገባሁትና ገመዴን የሚይዘው የመጨረሻው ብሎን ከእግሬ 4 ሜትር ያህል በታች ቀርቷል። ከዚያ ብወድቅ የመውደቂያዬ ርዝመት ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። ደግሞ በረዶ ላይ ሲወድቁ ጫማ ላይ የሚታሰረው የብረት ጥርስ ግድግዳው ላይ ከተያዘ ቁርጭምጭሚት ይሰበራል። አዲስ ብሎን ከመታጠቂያዬ አወጣሁ። ጫፉን በረዶው ላይ አስደግፌ ላዞረው ስል ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። ብሎኑ አመለጠኝና እየተንኳኳ ወረደ። ደግነቱ አለቃዬ ደንበኞቹን ቀድመው ወደ ጎን አስጠግተዋቸው ነበር።

ገመዴን ይዘው ታች የቆሙት እሳቸው ናቸው። አልጮሁም።

«ተረከዝህን አውርድ» አሉኝ።

ወደ ታች አየሁ። በእግር ጣቶቼ ጫፍ ቆሜያለሁ፤ ባቴ ይንቀጠቀጣል። ተረከዜን ዝቅ ሳደርግ ከፊት ጥርሶቹ ኋላ ያሉት ጥንድ ጥርሶችም በረዶውን ነከሱ። መንቀጥቀጡ ቆመ።

«አሁን ክንድህን ዘርጋ። አትሳብ፣ ተንጠልጠል። መዳፍህን ላላ አድርግ።»

የመጥረቢያው እጀታ ግርጌ ላይ እጅ የሚያርፍበት ድጋፍ አለ። ለካ ማነቅ አያስፈልግም ነበር። አንዱን እጄን ወደ ታች ጥዬ አራገፍኩት። ደሙ ሲመለስ የሚያመው ሕመም እንባ ያመጣል። ከዚያ ሌላውን። ትንሽ ቆይቼ የቀረኝን ብሎን በወገቤ ትይዩ አስገባሁ፤ ከራስ በላይ ሲያዞሩት ክንድ ቶሎ ይደክማል። ጨርሼ ወጣሁ።

በማግስቱ አለቃዬ መጥረቢያዎቼን ቀሙኝ። ዘንበል ያለ በረዶ ላይ በእግሬ ብቻ ስወጣና ስወርድ ዋልኩ። እ.ኤ.አ. በ1929 ጣሊያናዊው የተራራ መሣሪያ ሠሪ ሎረን ግሪቬል ጫማ ላይ ለሚታሰረው ባለ 10 ጥርስ ብረት ሁለት የፊት ጥርስ እስኪጨምርለት ድረስ ሰው የበረዶውን ዳገት በአብዛኛው በመጥረቢያ ደረጃ እየጠረበ ነበር የሚወጣው። «ይህን ሥራ እግር ነው የጀመረው» አሉኝ። እኔም እስከ ዛሬ እንደዚያው አምናለሁ።

ከዚያ ወዲያ ልምምዴ ተቀየረ። ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብዬ ወደ ጎን እሄዳለሁ፤ 20 ደቂቃ ሳልወርድ። ክንዴ ሲዝል መሬት አልረግጥም፣ እዚያው በረዶው ላይ ማረፊያ እፈልጋለሁ። አንድ መጥረቢያ ከላይ፣ ሁለቱ እግሮች ከታች ከፈት ብለው ትይዩ። አካሄዱ ሦስት ማዕዘን ነው። መጀመሪያ እግር በትንሽ በትንሹ ይወጣል፣ ከዚያ ወገብን ወደ በረዶው አስጠግቶ መነሳት፣ ከዚያ መምታት። የምመታውም ጎድጎድ ያለውን ነው፤ ያበጠው ይሰባበራል። ምቱ ከትከሻ ይጀምርና መጨረሻው ላይ የእጅ አንጓ ወርወር ያደርገዋል። ሲይዝ ድምፁ ድፍን ነው። ያንን ድምፅ ከሰማሁ ሁለተኛ አልመታም። ትልቁን ጉልበት ያተረፈልኝ ይሄ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደዚያው ፏፏቴ ተመለስን። ብሎኑ ያመለጠኝ ቦታ ስደርስ ቆምኩ። ተረከዜን አወረድኩ። አንድ ክንዴን ዘርግቼ ሌላውን አራገፍኩ። አዲሱን ብሎን በወገቤ ትይዩ አስደግፌ አዞርኩት። ጣቶቼ ታዘዙኝ።