ከረሜላ የያዘ ማነው?

ሽቶ ቤት ስሠራ ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሱቋ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ናት። ስፋቷ ከአንድ አልጋ ብዙም አይበልጥም። የምንሸጠው የሚረጨውን አይደለም፣ ዘይት ሽቶ ነው። አልኮል የለበትም። ከትልቁ ጠርሙስ በሲሪንጅ እየሳብን ወደ 3፣ ወደ 6፣ ወደ 12 ሚሊ ብልቃጥ እንቀዳለን። ኡድ አለ፣ ሚስክ አለ፣ አምበር አለ፣ ጽጌረዳ አለ። ባለቤቱን ሁሉም ሰው ሀጂ ነው የሚላቸው። ሀጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ክዳኑን ብቻ አሽትተው ጠርሙሱ የትኛው እንደሆነ ይናገራሉ። እኔ እዚያ አልደረስኩም። ይህ ወሬም ያልደረስኩበት ዘመን ወሬ ነው።

ረመዳን አጋማሽ ላይ ከዱባይ ዕቃ መጣልን። ከመካከሉ አንድ የማናውቀው ጠርሙስ ነበር። ላዩ ላይ የብስኩት ሥዕል፣ የጥድ ቅርንጫፍ፣ ቀይ ሪባን። የፈረንጅ ገና ነው። ሀጂ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት።

«ማነው ደግሞ ገናን ለኢድ የላከልን?» አሉና ሳቁ። ከፈቱት። ሱቁ ባንዴ ዳቦ ቤት ሆነ።

አሸታተቱን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ብርቱካን ነው፤ ልጣጩ ሲላጥ ፍትት ብሎ ዓይን ውስጥ የሚገባው ዓይነት። ከኋላው ዝንጅብል ይመጣል። ከዝንጅብሉ ሥር ቀረፋና ቅርንፉድ። ከሁሉም ሥር ደግሞ ቫኒላ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ ቅቤ የበዛበት ብስኩት። ፈረንጆቹ ገናቸው ብርድ ላይ ስለሚውል በቅመምና በስኳር ነው ቤታቸውን የሚያሞቁት። ለነሱ ይህ ሽታ በዓል ነው። የኛ በዓል እንዲህ አይሸትም። የኛ ቁሌት ነው፣ የተነጠረ ቅቤ ነው፣ ቄጤማ፣ ቡና፣ ዕጣን ነው። ቀረፋና ቅርንፉድ እኛ ጋ ሥራቸው ሌላ ነው። የመጀመሪያዋ ደንበኛ አሽትታ በአንድ ቃል ጨረሰችው።

«ይሄማ ሻይ ነው!»

እውነቷን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ሻዩ» ሆኖ ቀረ።

ሻዩ ግን ጉድ ተሸጠ። በተለይ ከ9 ሰዓት በኋላ። ሰው ከበር ላይ «ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?» እያለ ይገባል። አንዷ ብልቃጡን አፍንጫዋ ላይ ይዛ «ልጠጣው ነው» አለችኝ። እኔም ከጠርሙሱ መራቅ አቅቶኝ ነበር። ሁላችንም ጾመኞች መሆናችን ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። የራበው ሰው የብስኩት ሽታ ቢያሳዩት ምን ይላል?

ከነዚህ ደንበኞች አንዷ እናቴን የሚያክሉ ሴት ነበሩ። ካፊያ ነበር፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ጋቢ ደርበው እጃቸውን እያሻሹ ገቡ። ኢድን ኮምቦልቻ፣ ልጃቸው ጋ ነው የሚውሉት። «ለበዓል የሚሆን፣ ደስ የሚል ነገር ስጪኝ» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያኔ የመሞከሪያ ወረቀት የሚባለውን አምጥቼ ነበር። ቀጭን ነጭ ወረቀት ነው፤ ጫፉን ነክሮ ለደንበኛ ማሽተት። ትልልቅ ሱቆች እንዲህ እንደሚያደርጉ በቪዲዮ አይቼ ነው። ንጹሕ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ዘይት አይባክንም። ሀጂ ባይወዱትም ዝም አሉኝ።

ነክሬ ሰጠኋቸው። አሸተቱ። «ወላሂ ልጄ፣ አፌን ውሃ ሞላው» አሉ። 12 ሚሊውን ገዙ። እኔም መረቅኩላቸው፤ «እናቴ፣ ቀኑን ሙሉ አይለቅዎትም» አልኳቸው። ገብተው እስኪወጡ ሦስት ደቂቃ አልሞላም። በልቤ ጎበዝ ሻጭ ነኝ አልኩ።

ኢድ ባለፈ በአራተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ሰላምታ የለም። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ ቋ አደረጉት።

«ሌላ ነው የሰጠሽኝ።»

የኢድ ጠዋት ታጥበው፣ ቫዝሊን ተቀብተው፣ አንገታቸውን፣ ጆሯቸውን፣ ሁለቱንም አንጓቸውን ሻዩን ተቀቡ። የነጠላቸውንም ጫፍ ነካ አደረጉ። ከሶላት መልስ ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ሥጋው ቀረበ፣ ፀሐዩ ከረረ። የልጅ ልጃቸው እቅፋቸው ውስጥ አልቀመጥም አለ። ቀትር ላይ ራሳቸውን ለሁለት ይፈልጣቸው ጀመር። በሳሙና ታጠቡት፣ አልለቅ አለ። ደግመው ታጠቡት፣ ያው ነው። ነጠላቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ጫፉ ላይ የሳንቲም ያህል ቢጫ ነገር አለ።

የመጀመሪያ ሥራዬ መከራከር ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። «እናቴ፣ እዚሁ አሽትተው፣ ወድደውት ነው'ኮ የገዙት» አልኳቸው።

«ያሸተትኩት ወረቀት ነው» አሉኝ። «የተቀባሁት ግን ገላዬን ነው።»

ምላሴ ታሰረ። ሀጂ ከጓዳ ሆነው ሰምተው ወጡ። ብልቃጡን ከፍተው አሸተቱት። «ያው የኛው ነው፣ እህቴ። ግን እርስዎም አልዋሹም። ብልቃጡን ይተዉልንና ሰኞ ይመለሱ» አሏቸው። ሴትዮዋ እንደወጡ ወደ እኔ ዞሩ።

«ነገ ኮምቦልቻ ትሄጃለሽ። ተቀብተሽ።»

ቅጣት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ከዚያው ብልቃጥ አንዲት ጠብታ ግራ አንጓዬ ላይ ጣል አደረግኩ። ሌላ ጠብታ ወረቀት ላይ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። የደሴ ጠዋት ታውቁታላችሁ፤ እጅ ከኪስ አይወጣም። አንጓዬን ባሸት ያው የማውቀው ብርቱካንና ዝንጅብል ነው። ቀለል ያለ፣ ደስ የሚል። ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ምንም አልሸተታቸውም። ዘይት ሽቶ እንደሚረጨው አይደለም፤ አልኮሉ ብድግ አድርጎ አየር ላይ አይበትነውም። ገላ ላይ ተኝቶ ሙቀት ይጠብቃል።

ዶሮ መዝለያን ስናልፍ ብርቱካኑ የለም። ማንም አልወሰደውም፣ ተኖ ነው። የብርቱካን ዓይነቶቹ ሽታዎች ቀላል ስለሆኑ ቀድመው ይሄዳሉ። ቫኒላን የመሰሉት ከባዶቹ ግን ቀስ ብለው ነው የሚነሡት፤ ለሰዓታት ይቆያሉ። ችግሩ ሻጭ የሚሸጠው ሂያጁን ነው፣ ገዢ ቤቱ ይዞት የሚገባው ቀሪውን ነው። እኔ ለሴትዮዋ የሸጥኩላቸው ብርቱካን ነበር። ኮምቦልቻ የደረሰው ግን ሌላው ነው።

ሐረጎን ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ። ፀሐዩ በመስኮት በኩል ክንዴ ላይ አርፏል። ቀረፋው ወጣ። ቅርንፉዱም ተከተለ። ሰውዬው ዞር ብለው አዩኝና መልሰው ወደ ፊታቸው ዞሩ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን አገር ይለወጣል። ጋቢ ተደርቦ የተነሣ ሰው በሸሚዝ ይወርዳል። ሽቶውም እንደ ሰው ልብሱን እያወለቀ ነበር የሚወርደው።

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ መኪናው ቆመ፣ ነፋሱም ቆመ። ያን ጊዜ ፈነዳ። ስኳር፣ ቫኒላ፣ ካራሜል፣ ቅቤ፤ ሁሉም ባንድ ላይ። ከፊቴ እናቱ ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃን አንገቱን አሰገገ።

«እማ፣ ከረሜላ የያዘ ማነው?»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱ «ያላችሁ አካፍሉ እንጂ!» አለ። እኔ እጄን ቦርሳዬ ሥር ደበቅኩ። ላቤ ሲመጣ ደግሞ ይብስ። አንዲት ጠብታ ናት'ኮ! እሳቸው አንገት፣ ጆሮ፣ ሁለት አንጓ፣ ከሥሩ ቫዝሊን ነበር የተቀቡት። ደረቅ ቆዳ ሽቶ ቶሎ ያጠፋል፤ ቅባት የነካው ቆዳ ግን ይዞ ያቆየዋል። በቫዝሊን ላይ ዘይት ሽቶ ማለት መቆለፊያ ላይ መቆለፊያ ነው። ሳሙናው ምን ያድርግ።

ከመኪና ወርጄ ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አሸተትኩት። አሁንም ብርቱካን ብርቱካን ይላል! ወረቀት አይሞቅም፣ አያልበውም፣ ቅባት የለውም። ወረቀት ኮምቦልቻ አይወርድም።

ሻይ ቤት ገባሁ። ሻዩ ቀረፋ ነበረበት። ብርጭቆውን ባነሳሁ ቁጥር የሻዩ ሽታ የቱ፣ የእጄ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። እስከዚያ ድረስ ግን አልጠላሁትም። የጠላሁት ከምሳ በኋላ ነው። ጥብስ በላሁ፤ ጠገብኩ። አንጓዬ ወደ አፍንጫዬ ሲቀርብ ሆዴ ተገላበጠ። ያ ከሳምንት በፊት ልጠጣው የደረስኩት ዘይት ነው! የምግብ ሽታ ለራበውና ለጠገበው አንድ አይደለም። ሴትዮዋ የገዙት ጾም ሊፈታ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው። የተቀቡት ደግሞ ሥጋ ሲበላ በሚዋልበት ቀን።

የነጠላውን ነገር ያወቅኩት ኋላ ሳነብ ነው። የቫኒላ ሽታ የሚሰጠው ቫኒሊን የሚባለው ነገር ነው። ጀርመኖች በ1874 እ.ኤ.አ. በፋብሪካ መሥራት ችለዋል፤ ዛሬ በሽቶም በብስኩትም ያለው አብዛኛው እሱ ነው። ጠባዩ አየርና ብርሃን ሲያገኘው መጥቆር ነው። የኛም ጠርሙስ ሲመጣ ቢጫ ነበር፤ አሁን የማር መልክ ይዟል። ነጭ ልብስ ላይ ሲያርፍም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ቢጫ፣ ከርሞ ቡናማ። ቀረፋም የራሱ ጣጣ አለው። አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ያሳክካል፣ ያቀላል። ዓለም አቀፉ የሽቶ ማኅበር መጠኑን የወሰነው ለዚህ ነው። ሕፃን አንገት ላይ የሚቀባ ነገር አይደለም።

ማታ ደሴ ተመልሼ ለሀጂ አንድ በአንድ አወራሁላቸው። የሕፃኑን ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

«እኔ ኡድ ስሸጥ ሰው እጅ ላይ ቀብቼ፣ ሂድ ዞረህ ና እል ነበር። ወረቀቷን ያመጣሻት አንቺ ነሽ።»

የቀረውን ወረቀት እሽግ አሁን የዋጋ ማስታወሻ እጽፍበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ላንሣ። ብዙ ሽቶ ቤት የቡና ፍሬ በሰሃን ይቀመጣል፤ አፍንጫ ሲደክም እሱን አሽትቶ ማደስ ይባላል። እኛም ጋ አለ፣ ለጌጥ ያምራል። ከንጹሕ አየር የተለየ ጥቅም ግን የለውም። የራስን ክርን ውስጥ፣ ያልተቀባውን ቦታ ማሽተት ያው ነው። ደሴ ውስጥ ደግሞ ከጎረቤት ሁልጊዜ ቡና ስለሚቆላ ሰሃኑ ራሱ ትርፍ ነው።

ሰኞ ሴትዮዋ መጡ። ነጠላዋ አልዳነችም፤ ቢጫው እውነትም ጠቁሯል። ሀጂ አዲስ ገዙላቸው። ከደሞዜ አልቆረጡም። ይቁረጡ ብዬም አልጠየቅኩም።

ጽጌረዳ ከአምበር ጋር ያለውን አወጣሁ። «ቆዳዎትን ሽቶ አሳክኮዎት ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኩ። አያውቅም። አንጓቸው ላይ አንዲት ጠብታ ነካ አደረግኩ። ሊያሹት ሲሉ «ይተዉት፣ እሱ ራሱ ይገባል» አልኩ። ገንዘብ ሊያወጡ ቦርሳቸውን ሲከፍቱ ያዝኳቸው።

«አሁን አይክፈሉ። ገበያዎትን ጨርሰው ይምጡ።»

«የማትሸጭ ነጋዴ!» ብለው እየተገረሙ ወጡ። ሀጂ ጋዜጣቸውን ወደ ላይ ከፍ አደረጉት፤ ከሥሩ እየሳቁ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ተመለሱ። አሁንም ሰላምታ የለም። እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ።

«በይ አሽቺ።»

አሸተትኩ። ጽጌረዳው አለ፣ ለስለስ ብሏል። አምበሩ ገና እየመጣ ነው። ከሁለቱ መካከል ደግሞ በርበሬ አለ። ሰኞ ገበያ ደርሰው ነው የመጡት።

«ከበርበሬው በቀር ጥሩ ነው» አልኳቸው።

«በርበሬው የኔ ነው» አሉ። ትንሿን፣ ባለ 3 ሚሊዋን ገዙ። በሩ ላይ ደርሰው ዞሩ።

«ያ ሻዩስ? ጣልሽው?»

«አለ፣ እናቴ።»

«መልሺልኝ። ለክረምት ይሆነኛል፣ ከጋቢ ሥር።»