ስድስት ጥይት በአንድ ወይፈን

ሰሞኑን መንፈሴ ልክ አይደለም። ሚኒሶታ በኖቬምበር አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፤ ሥራ ስገባም ስወጣም ፀሐይ አላይም። ዛሬ ወደ ጠመንጃ ሱቁ ጎራ ያልኩት ለአሮጌው ጠመንጃዬ ጥይት ፍለጋ ብቻ አይደለም፣ ከሰው ጋር ትንሽ ለማውራትም ነበር። ሽማግሌው ሻጭ ገና ከበር ሲያየኝ ራሱን ነቀነቀ። የለም። አምናም አልነበረም።

የኔ ጠመንጃ ካርካኖ ነው፤ እኛ ቤት ምንሽር የምንለው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1891 ለሠራዊቱ የመረጠው፣ 6.5 ሚሊ ሜትር። ከአንድ ሟች አዛውንት ንብረት ጨረታ ላይ የገዛሁት ለምን እንደሆነ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። አብሮኝ የሚያድነው ጓደኛዬ "308 ግዛና ተገላገል" ይለኛል። እውነት አለው፤ 308 የሚባለው የተለመደው የአደን ጠመንጃ ጥይት የትም ይሸጣል። የኔው ግን የ20 ፍሬ ሳጥኑ ሲገኝ የዚያን እጥፍ ያስከፍለኛል፤ ሲገኝ ነው እንግዲህ።

የማንም ክፋት አይደለም። ፋብሪካ አንዱን ጥይት ትቶ ሌላውን ለመሥራት ማሽኑን መፍታት፣ መለኪያውን መቀየር፣ እንደገና መፈተሽ አለበት። ስለዚህ ብዙ የማይሸጠውን ጥይት አልፎ አልፎ በአንድ ዙር ያመርትና መጋዘን ያስገባዋል። ያ ካለቀ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና መጥቶ አሜሪካ በሙሉ ጥይት ሲሸምት ፋብሪካዎቹ የ9 ሚሊ ሜትርና የ5.56 ጥይት ላይ ተረባረቡ፤ እንኳን የኔው፣ ስንቱ የአጋዘን አዳኝ የሚጠቀምበት የ30-30 ጥይት ራሱ ከመደርደሪያ ጠፍቶ ነበር።

ቀለሁን፣ የተተኮሰውን ባዶ ቀፎ፣ ሰብስበህ ራስህ ሙላው የሚሉኝም አሉ። ቀለሁም ባሩዱም አይቸግረኝም፤ ችግሩ አረሩ፣ ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚሄደው ጫፉ፣ ነው። የካርካኖ አረር ውፍረቱ 0.268 ኢንች ነው፣ የሌሎቹ 6.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃዎች 0.264። ዓይን አይለየውም። ጠመንጃው ግን ይለየዋል፤ ቀጭኑን አረር በደንብ ስለማይዘው ወዳሻው ይሄድበታል። አጋዘን አቁስዬ ጫካ ውስጥ ሲማቅቅ እንዲያድር አልፈልግም። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ደግሞ ማቀፊያዋ አለች። ስድስት ጥይት የምታቅፍ ቀጭን ብረት ናት፤ ጠመንጃው ከነጥይቱ ይጎርሳታል። የመጨረሻዋ ጥይት ስትቀባበል ማቀፊያዋ ከሥር ሾልካ መሬት ላይ ጠብ ትላለች። እሷም እንደ ጥይቱ እንደ ልብ አትገኝም። አንድ ጊዜ አጋዘኑ ወድቆ ሳለ እኔ ተንበርክኬ በረዶውን እየዳበስኩ እሷን ስፈልግ ነበር። ያኔ የመጣብኝ ሐሳብ ነው እስካሁን ያልለቀቀኝ፦ አያቴስ እንዴት ያደርጉ ነበር?

አያቴ ጎጃም ውስጥ ምንሽር የያዙ አርበኛ ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲገባ በወገን እጅ ያለው የጠመንጃ ዓይነት መብዛቱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር፤ ውጅግራው፣ ለበኑ፣ ቤልጅጉ፣ ምንሽሩ። ጎን ለጎን ተኝተው የሚተኩሱ ሁለት ሰዎች ጥይት መዋዋስ አይችሉም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1935 እንግሊዝና ፈረንሳይ፣ ቀጥሎም አሜሪካ፣ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ለሁለቱም! ጣሊያን የራሱ ፋብሪካ ነበረው፤ የተጎዳነው እኛው ነን። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አርበኛው የጣሊያንን ጠመንጃ የሚወደው ለዚህ ይመስለኛል። ከሌላው ስለሚበልጥ ሳይሆን ጥይቱን አገር ድረስ የሚያመጣለት ጠላቱ ራሱ ስለነበር። ከምሽግ፣ ከተማረከ ጭነት፣ ከሞተ ወታደር ወገብ። ድሮም ቢሆን ጥይት በኛ አገር ተራ ዕቃ ሆኖ አያውቅም፤ በምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ገበያ ላይ እንደ አሞሌ ጨው ይመነዘር ነበር። አንድ ብር ለሚበዛበት ዕቃ ጥይት ይከፈላል።

የካርካኖ ጥይት አሁን ማን እንደሚሠራ ስፈልግ ሰርቢያ ደረስኩ። ኡዢጸ የምትባል ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1928 የተቋቋመ ፕርቪ ፓርቲዛን የሚባል ፋብሪካ አለ፤ ሌላው የተወውን የአሮጌ ጦር መሣሪያ ጥይት ይሠራል፣ የኔንም የለበኑንም። እ.ኤ.አ. በ1941 ፓርቲዛኖች፣ ጀርመንን በሽምቅ የሚወጉ የዚያ አገር አርበኞች፣ ከተማዋን ለጥቂት ወራት ይዘው ጠመንጃውንም ጥይቱንም እዚያው ያመርቱ ነበር። ጣሊያን ከኛ አገር የወጣበት ዓመት ነው እንግዲህ። ቀናሁባቸው። ጀግናው እኛም ጋ ነበረ፤ ፋብሪካው ነው ያልነበረን።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ታዲያ ለአያቴ ጥይት የሚያመጣውም አብሮ ወጣ። የተማረከው ክምችት ስንት ዓመት ይበቃል? አያቴ ያንን ምንሽር መሣሪያ አስረክቡ እስከተባለበት ጊዜ ድረስ ይዘውት ኖረዋል። ዝናራቸው ባዶ ሆኖ አያውቅም ይባላል። ማታ ማታ ጥይቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ሲወለውሉ ማንም አያናግራቸውም ነበር። እማዬ ልጅ ሆና አንድ ወይፈን በስድስት ጥይት ሲለውጡ አይታለች። የሰውዬውን ፊት አታስታውስም፤ የወይፈኑን መልክ ግን ታስታውሳለች፣ ቡሬ ነበር።

ማን ነው የሸጠላቸው? ከየት አምጥቶ? የራሱን ሲያስቀምጥ የኖረ ሌላ አርበኛ ነው ወይስ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ? ደግሞስ ለምን? ጦርነቱ አልቋል፣ አያቴ አዳኝ አልነበሩም። ወይፈን ማለት ለገበሬ የከርሞ እርሻ ነው። ያንን አሳልፈው ስድስት ጥይት የያዙት ምን ይመጣል ብለው ነው? እማዬን ብጠይቃት እሷም አታውቅም፤ በእሷ ዕድሜ ያለ ዘመድ ደግሞ ጥቂት ነው የቀረን። ነገ ለአክስቴ እደውላለሁ። ማንን ነበር የሚጠብቁት?