የሬድ ሮክስን ደረጃ የሠሩት ወጣቶች

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ሞሪሰን ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ የሚገኘውን ሬድ ሮክስ አምፊቲያትር የተባለ ጣሪያ የለሽ የሙዚቃ ትርኢት ቦታ፣ የዴንቨር ጎረቤት በሆነችው ኦሮራ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ የማውቀው በስም ብቻ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከአገር ቤት ልትጠይቀኝ የመጣችውን እናቴን ይዤ፣ ከአስጎብኚ ጋር በእግር ዞርኩት።

ጉብኝቱን የጀመርነው ከላይኛው አደባባይ ነው። በስተ ግራ የፍጥረት ዐለት፣ በስተ ቀኝ የመርከብ ዐለት የሚባሉት ግዙፍ ቋጥኞች መቀመጫዎቹን እንደ ግድግዳ አቅፈው ይዘዋቸዋል፤ ከመድረኩ ባሻገር ደግሞ ሜዳው እስከ ዴንቨር ድረስ ይታያል። አስጎብኚያችን ወደ አንደኛው ዐለት አስጠግቶን በእጃችን እንድንዳስሰው ጋበዘን። ከሩቅ ወጥ ቀይ የሚመስለው ድንጋይ ቀርበው ሲያዩት ሽምብራ የሚያካክሉ ነጫጭና ሮዝ ጠጠሮች በአሸዋ የተለሰኑበት ነው። ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዛሬ ከማይታዩ ጥንታዊ ተራሮች ውሃ እየሸረሸረ ያወረደው አሸዋና ጠጠር ተደራርቦ ድንጋይ ሆነ፤ በውስጡ ያለው ብረትም ቀይ ቀለም ሰጠው፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የዛሬዎቹ የሮኪ ተራሮች ሲነሡ ንጣፉ ተገፍቶ አጋደለ። ይህን ስተረጉምላት እናቴ መዳፏን ከድንጋዩ ሳታነሣ «ታዲያ ወንዝ ነዋ ይሄ!» አለች።

የዴንቨር ከተማ ቦታውን የገዛችው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። አርክቴክቱ በርናም ሆይት ከዐለቶቹ ጋር የሚፎካከር ነገር አልገነባም፤ 70 የመቀመጫ ረድፎችን በቁልቁለቱ ላይ ዘርግቶ የቀረውን ለተፈጥሮ መተዉ፣ በእኔ ዓይን፣ ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ነው። ቢትልስ የተባሉት ዝነኛ የእንግሊዝ ሙዚቀኞች በ1964 እዚህ መዝፈናቸውንም ሰማን።

እኔን ይዞ ያስቀረኝ ግን የሠራተኞቹ ታሪክ ነው። ከ1936 እስከ 1941 ድንጋዩን የፈነቀሉትና ደረጃውን የካቡት፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሥራ ያጡና ሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮር በተባለው የመንግሥት ፕሮግራም የታቀፉ ወጣቶች ነበሩ። ደመወዛቸው በወር 30 ዶላር ሲሆን፣ እንደ ደንቡ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰባቸው ይላክ ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ ደረጃው ላይ ቆም አለች። «አምስቷን ብቻ ነው ለራሳቸው የሚያስቀሩ?» ብላ ጠየቀችኝና፣ መልሴን ሳትጠብቅ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። በየወሩ የምልክላትን እያሰበች እንደ ነበር ገባኝ፤ ሁለታችንም ግን አላነሣነውም። ከዚያ በኋላ እስከ መድረኩ የወረድነው እያንዳንዱን የደረጃ ድንጋይ እያየን ነው።

ወጣቶቹ ያድሩበት የነበረው ካምፕ በፓርኩ ግርጌ እስከ ዛሬ ቆሟል። ወደ ቤት ከመመለሳችን በፊት እናቴ «እስቲ ውሰደኝ» ስላለችኝ በዚያ በኩል አለፍን። ከመኪናው ወርዳ ዝቅ ዝቅ ያሉትን የእንጨት ቤቶች ለጥቂት ጊዜ ከተመለከተች በኋላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ «ነፍሳቸውን ይማር» አለች።