ሦስት ገብስ፣ አንድ ለውዝ

ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ለጎብኚዎች የሚሆን አፕ እንሠራ ነበር። ሁለት ሊስት አለን። አንዱ የቦታዎች ነው፦ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ክብራን ገብርኤል፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ናርጋ ሥላሴ፣ ጢስ ዓባይ እያለ ይቀጥላል። ሌላው የጀልባ ማስታወቂያ ነው። በየሦስት ቦታው አንድ ማስታወቂያ ይግባ ተባለ። ሉፕ (አንድን ሥራ የሚደጋግም ኮድ) ጻፍኩ። ኢንዴክስ (ከ0 ጀምሮ የሚቆጠር የተራ ቁጥር) 3 ላይ አስገባ፣ 6 ላይ አስገባ፣ 9 ላይ አስገባ።

በሳምንቱ አንድ ባለጀልባ ስልካቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ የኔ ጀልባ ተደራርቦ ነው የሚታየው። ናርጋ ሥላሴን ፈልጎ ያጣ ሰው የሚያማርረው እኔን ነው» አሉ። ደነገጥኩ። የእንጀራቸው ጉዳይ ነው። ሪፍሬሽ ባደረግኩ ቁጥር ማስታወቂያው ይጨምራል።

ከሰዓት ቡና ላይ፣ በልምድ የምትበልጠኝ ባልደረባዬ ከቆሎው ገብሱን ለቅማ ጠረጴዛው ላይ በአንድ መስመር ደረደረችው። «በል፣ ለውዙን አስገባ» አለችኝ። ከሦስተኛው ገብስ ቀጥሎ ለማስገባት የቀረውን ሁሉ በጣቴ ወደ ቀኝ ገፋሁ። ለሁለተኛው ለውዝ እንደገና ገፋሁ። ያኔ ገባኝ። አንዷ ስትገባ ከኋላ ያሉት ቁጥራቸው ይቀየራል። ስለዚህ 6 ላይ ሳስገባ በሁለቱ ለውዝ መሃል የቀረው ገብስ ሁለት ብቻ ነው። ትክክለኛው ኢንዴክስ 7፣ ከዚያ 11 ነበር።

«ቁጥሩን ላስተካክለው?» አልኳት።

«መግፋቱ መች ይቀርልሃል?» አለች። እውነቷን ነው። ለጥቂት ቦታ አይታወቅም፤ ሊስቱ ሺዎች ሲሞላ ግን ሥራው ሁሉ መግፋት ይሆናል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ዋናውን ሊስት ራሱን መነካካቴ ነው። ሪፍሬሽ ሲደረግ ሉፑ ማስታወቂያ ቀድሞ በገባበት ሊስት ላይ እንደገና ያስገባል፤ ማስታወቂያው የሚባዛው ለዚህ ነበር።

ገብሱን በአንድ በኩል፣ ለውዙን በሌላ በኩል ከመረችው። መሃሉን ባዶ ተወችው። ሦስት ገብስ አነሳች፣ አንድ ለውዝ። ደግሞ ሦስት ገብስ፣ አንድ ለውዝ። የሚገፋ የለም።

ሜተዱን፣ ማለትም ይህን ሥራ የሚሠራውን የኮድ ክፍል፣ እንደዚያው ጻፍኩት። ሁለቱን ሊስት ያነባል፣ አዲስ ሊስት ይሞላል፣ የድሮዎቹን አይነካም። ማስታወቂያው ካለቀ ቦታዎቹ ይቀጥላሉ። ቦታዎቹ ካለቁ ግን የተረፈው ማስታወቂያ ይቅር አልኩ። ሰው አፑን የሚከፍተው ለቦታው ነዋ። በባዶ ሊስት፣ በሁለት ቦታ፣ ልክ በሦስት ቦታ ቴስት አደረግኩት።

በማግስቱ ጀልባ ማቆሚያው ድረስ ወረድኩ። ባለጀልባው ደጋግመው ሪፍሬሽ አደረጉ፤ በየሦስቱ መሃል በጣታቸው እየቆጠሩ ወረዱ። «ናርጋ ሥላሴ፣ ይኸው» አሉና ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት።