በጆሮዬ የገዛኋት ጀልባ

ገመዱ አንዴ ሲሳብ ሞተሩ ተነሳ። እኔን ያሸነፈኝ ያ ነው። ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ተፋ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ሳይቆራረጥ መምታት ጀመረ። ሻጩ እጁን ሞተሩ ላይ ጣል አድርጎ "አየህ ወንድሜ፣ ወርቅ ነው" አለኝ። ግማሽ ደቂቃ ያህል አስጮኸውና አጠፋው። እኔ በልቤ ዋጋውን ጨርሻለሁ። ጀልባዋ ግን ውሃ ላይ አልነበረችም። ሣር ላይ፣ ሁለት ግንድ ተደግፋ ነው የቆመችው።

በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተታልያለሁ። አንደኛውን ማታለል እንዲያውም ሻጩ ራሱ አላወቀውም።

ከመነሻው ልጀምር። ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽ ዓሣ ቤት አለኝ። ጥብስ፣ ጉላሽ፣ ለብለብ። ዓሣውን የምረከበው ከአስጋሪዎች ነው። ሑዳዴ ሲገባ ወረፋው በር ድረስ ይደርሳል፤ ዋጋ የሚቆርጡት ግን እነሱ ናቸው። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ሳይደርሰኝ እቀራለሁ። የአጎቴ ልጅ ጣና ላይ ያደገ አስጋሪ ነው፤ ሰው ጀልባ ላይ ተቀጥሮ ይሠራል። "የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ አንተ ግዛ፣ እኔ ልሥራ" እያለ ሁለት ዓመት ነዘነዘኝ። በ2009 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ እሺ አልኩት።

ጊዜውን እንኳ በደንብ ነው የመረጥነው። ፋሲካ ሲደርስ ከተማው ወደ ሥጋ ይዞራል። ዓሣ ይረክሳል፣ ገንዘብ የቸገረው አስጋሪም ጀልባውን የሚያወጣው ያኔ ነው። በጾም መግቢያ ላይ የጀልባ ዋጋ አይነካም።

ሁለት ጀልባ አየን። የመጀመሪያዋ ጀልባ ባለቤት በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። 120 ሺህ ብር አለን፣ ከዚያ ሳንጠይቀው ጥፋቷን ይዘረዝር ጀመር። "ካምቢዮው ወደ ኋላ አንዳንዴ እንቢ ይላል። ከፊት በኩል ውሃ ታስገባለች። የዚህን ካንዴላ ቶሎ ቶሎ ነው የምቀይረው።" ሰማሁት፣ አመሰገንኩት፣ ሄድኩ። ይሄ ሁሉ በሽታ ያለባትን ጀልባ ማን ይገዛል? ሁለተኛዋ ያቺ ወርቅ የተባለችው ናት። ሰባት ሜትር ተኩል የሆነች የላሜራ ጀልባ፣ ሰማያዊ ቀለሟ ገና ይሸታል። ሞተሩ 25 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎለት የሚሠራ የጃፓን ሥሪት። ደላላው ከ110 ሺህ ጀመረ። በ88 ሺህ ተጨባበጥን።

ጀልባዋን በተረከብን በማግስቱ ጠዋት ወደ ዘጌ አቅጣጫ ወጣን። ሞተሩ በአሥራ አራተኛው ሳብ ተነሳ፤ ቆጥሬያለሁ። የመጀመሪያው ማታለል እዚህ ተገለጠ። ያን ቀን እኔ ከመድረሴ በፊት ሞተሩ ተነስቶ ሞቆ ነበር። የሞቀ ሞተር ደግሞ ለማንም ይነሳል። አሁን ሞተር ላይ ስሄድ ከሰላምታው ቀጥሎ እጄን ሲሊንደሩ ላይ አሳርፋለሁ። ሞቆ ካገኘሁት ሻይ እንጠጣ ብዬ እስኪበርድ እቀመጣለሁ።

ሁለተኛው ሲጫን ታየ። ሣር ላይ ሞተሩ የሚያዞረው አየር ነው፤ ምንም አይከብደውም። ውሃ ላይ ሁለት ሰው፣ መረብና ጄሪካን ጭነን ነዳጅ ስንሰጠው አፍንጫዋን ሽቅብ ቀና አድርጋ ታቃስታለች እንጂ አትሮጥም። የአጎቴ ልጅ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። አዲስ የተገዛ ነገር ላይ ማን ቀድሞ ክፉ ይናገራል?

ግማሽ መንገድ እንደደረስን ወደ ኋላ ዞሮ አየና "ሽንቱ ቆሟል" አለ። ሞተሩ ራሱን የሚያቀዘቅዘው የሐይቁን ውሃ ስቦ ነው። ሥራውን የጨረሰው ውሃ ከጎኑ በቀጭኑ ይፈሳል። የአጎቴ ልጅ "ሽንቱ" የሚለው ያንን ነው። ያቺ ቀጭን ውሃ ከቆመች ሞተሩ እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ወዲያው አጠፋው። በእፍኜ ውሃ ቀድቼ ሲሊንደሩ ላይ ጠብ ባደርግበት ጭስ ሆኖ ቀረ።

መቅዘፊያ አልያዝንም። 25 ፈረስ ያለው ሰው መቅዘፊያ ምን ያደርግለታል ብለን። የወለል ጣውላ ነቅለን ስንማስን አንድ አዛውንት የደንገል ታንኳቸው ላይ የማገዶ እንጨት ቆልለው በአጠገባችን አለፉ።

"ምን ሆናችሁ ልጆቼ?"

"ሞተሩ ሞቆብን ነው አባባ።"

"የኔ አይሞቅም" አሉና መቅዘፋቸውን ቀጠሉ። ትንሽ እልፍ ብለው ደግሞ ዞር አሉ። "ነፋሱ ሳይነሳ ሰው እልክላችኋለሁ።" ጣና ጠዋት እንደ ምንጣፍ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን አይታመንም። ቃላቸውን ጠብቀው ላኩልን።

ጎትቶ ያወጣን አስጋሪ ጀልባዋን ከጎን ከጎኗ አያትና ሳቀ። "ቀለም ቀብተዋት ነው እንጂ ይቺ በርብ ወንዝ አፍ በኩል ትሠራ የነበረችው አይደለችም እንዴ?" እኔ ከማን እጅ እንደገዛሁ አውቃለሁ፤ የት ስትሠራ እንደኖረች ግን አልጠየቅሁም ነበር። የሚያስፈልገኝ ጥያቄ ደግሞ እሱ ብቻ ነበር። የርብ አፍና የፎገራ ዳርቻ የእምቦጭ አገር ነው። አረሙ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በዚያ የሐይቁ ክፍል እየተስፋፋ ነው የኖረው። ሥሩ እንደ ጸጉር ቀጫጭን ነው። ሞተር ውሃ የሚስብባትን ወንፊት ይደፍናል።

ሞተሩን የወሰድነው ቀድሞ ባሕር ኃይል ውስጥ፣ ምጽዋ የሠራ አንድ መካኒክ ዘንድ ነው። ጋሼ ነው የምንለው። ጓርኒሲዮኑን ገንጥሎ የውሃ ፓምፑን ከፈተና በውስጡ ያለችውን የጎማ መዘውር መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። የአበባ ቅርጽ ያላት፣ ከመዳፍ የምታንስ ነገር ናት። ስድስት ክንፍ ሊኖራት ሲገባ አራት ናቸው ያሉት። ሁለቱስ? ተቆርጠው ከውሃው ጋር ወደ ላይ ሄደው መተላለፊያው ውስጥ ተሰንቅረዋል። ከላይ ደግሞ ጭቃና የእምቦጭ ሥር እንደ ጭድ ተጠቅጥቆ ወጣ።

"ሲገዛ በደረቅ አስነስተውልህ ነበር?" አለኝ።

"አዎ፣ በአንድ ሳብ ነው የተነሳው ጋሼ።"

"በለው! ይቺ ጎማ ውሃ ካላረጠባት ትፋቃለች። አንተ በሙዚቃው ስትደሰት እሷ እየተቆራረጠች ነበር።"

ሻጩ ያላወቀው ሦስተኛው ማታለል ይሄ ነው። ደህናነቱን ለማሳየት ያደረገው ነገር የተዳከመውን ጎማ ጨረሰው። ሞተር በደረቅ ሊያስነሱላችሁ ሲሉ እጃቸውን ያዙ። ሌላ ቢጠፋ የሞተሩን እግር በርሜል ውሃ ውስጥ መንከር አይከብድም።

ከዚያ በየካንዴላው ቀዳዳ ግፊት መለኪያ አስገብቶ ገመዱን ሳበ። ላይኛው 110 አለ፣ ታችኛው 70። የሁለቱ ሲሊንደሮች ቁጥር መቀራረብ አለበት፤ ይህን ያህል ከተራራቁ አንዱ ተጎድቷል። ሞተሩ ወረደ። የታችኛው ፒስተን ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከበው የብረት ቀለበት፣ በሙቀት ተጣብቆ ተገኘ። ይህ መለኪያ ከመኪና መካኒክ በልመና የሚገኝ ዕቃ ነው። አምስት ደቂቃ ቢሠራበት 88 ሺህ ብሩ ቢያንስ ወደ 70 ሺህ ይወርድ ነበር።

ጋሼ ስለ ጉልበቷም ነገረኝ። ይህን ነገር ከሌላ ሰው ሰምቼው አላውቅም ነበር። የሞተር ጉልበት የሚለካው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። በየ300 ሜትሩ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። "ምጽዋ ላይ 25 የሆነው እዚህ 20 ነው" አለኝ። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ካልተቀነሰ ደግሞ ድብልቁ ይወፍራል፤ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ይሆናል። በአሥራ አራት ሳብ የመነሳቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ካርብራተሩ ውስጥ ነዳጅ የምታሳልፈውን ትንሽ የነሐስ ብሎን ቀዳዳዋ በጠበበ ሌላ ቀየረልኝ። ፕሮፔለሩንም በአንድ ዙር ያነሰ ርቀት በሚገፋ ለወጠው። ጀልባዋ ማቃሰቷን አቆመች። በጠቅላላው ከተከፈለው ሁሉ ትንሹ ወጪ ይሄ ነበር።

ሞተሩ እስኪሠራ ክረምቱ ገባ። አልከፋኝም። ከሐምሌ ጀምሮ ነጭ ዓሣው እንቁላል ሊጥል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣል። ወንዝ አፍ ላይ መረብ ዘርግተው በእንቁላል የተሞላውን የሚያግዱት አሉ። የአጎቴ ልጅም ሲቁነጠነጥ አየሁት። የሚነሳ ሞተር ስለሌለን ደስ አለኝ።

በክረምቱ ጀልባዋን ራሷን ያዝን። ያ አዲስ ቀለም የተቀባው በምክንያት ነው። ላሜራው የሳሳበት ቦታ ሁሉ ሬንጅ ተለድፎ በላዩ ቀለም ተደርቦበታል። ጋሼ ያስተማረን ዘዴ ቀላል ናት። ጀልባዋን በግንድ ከፍ አድርገን ውስጧን ውሃ ሞላናት፤ ከሥሯ ጎንበስ ብለን አየን። ጀልባ ወደ ውስጥ ስታፈስ ቀዳዳውን መፈለግ መከራ ነው። ወደ ውጭ ስታፈስ ግን ራሷ ታሳይሃለች። ዘጠኝ ቦታ ያንጠባጥባል። የወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ላሜራ ተቆርጦ ተቀየረ፣ ሌላው በብየዳ ተደፈነ። ብየዳው ላይ ሳለን ደግሞ የሻጩ ወንድም ግማሹ ጀልባ የኔ ነው ብሎ መጣ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሻጩ ከፈለው። ፊርማው ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ይኑር።

መስከረም ላይ ሥራ ጀመርን። ከእድሳት የወጣ ሞተር የመጀመሪያዎቹን አሥር ሰዓታት ዘይት በዛ ተደርጎለት ነው የሚነዳው። ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት የነበረውን እጥፍ አደረግነው። ጭሱ ሰፈር ይሸፍናል። ሦስት ሳምንት በሰላም ሄደ።

ከዚያ የታችኛውን የማርሽ ዘይት ስንከፍት ማኪያቶ ወጣ። እውነቴን ነው፣ ቀለሙ ቁርጥ ማኪያቶ። ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ዘይት የሚይዘው ጎማ ተቀየረ። በሁለት ሳምንቱ እንደገና ማኪያቶ። ሻጩን ረገምኩት፣ የመለዋወጫ ሱቁንም ጠረጠርኩ። ጋሼ ፕሮፔለሩን አውልቆ ከኋላው ያለውን ዘንግ አሳየኝ። ከእኛው መረብ የተበጠሰ የናይሎን ክር ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ፣ በሙቀት ቀልጦ፣ እንደ ቀለበት ጠንክሯል። ጎማውን እንደ ምላጭ የሚቆርጠው እሱ ነው።

ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ላይ በ1978 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ፕሮጀክት አብረው የገቡ ናቸው። እስከ ዛሬ ግን አልታረቁም። የአጎቴ ልጅ መረቡን ሲያነሳ ሞተሩን ሳያጠፋ ክሩ ላይ ይወጣ ነበር፤ ሲቀጠር የለመደው እንደዚያ ነው። የሰው ሞተር ነበራ! ተኮራረፍን። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። አሁን መረቡ ጋ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ ከነእግሩ ከውሃ ያወጣዋል፣ በመቅዘፊያ ይጠጋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ፕሮፔለሩን አውልቀን ክር እንለቅማለን። ከዚያ ወዲህ ማኪያቶ ያየሁት ካፌ ብቻ ነው።

ጠቅላላ የጥገናው ወጪ 34,600 ብር ሆነ። ከ88 ሺህ ጋር ደምሩት። የእኚያ ጥፋቷን በዝርዝር የነገሩኝ ሰው ጀልባ 120 ሺህ ነበረች፤ ለዚያውም አልተከራከርኳቸውም። በኋላ የገዛትን ልጅ አውቀዋለሁ። ካምቢዮዋ አሁንም ወደ ኋላ አንዳንዴ እንቢ ይላል። ሌላ ምንም አልወጣባትም። የነገሩት ያንኑ ነው።

የኔዋም አሁን ደህና ናት። በበረደ ሞተር በሦስተኛው ሳብ ትነሳለች። በቀኝ ጎኗ፣ ብየዳው የተገናኘበት ላይ፣ አንዲት ጠብታ አለች፤ ብንደፍናት ብንደፍናት እንቢ አለች። ማለዳ መረብ ሊያነሳ ሲወጣ የአጎቴ ልጅ በቲማቲም ጣሳ ሁለቴ ቀድቶ ይደፋና ገመዱን ይስባል።