ሸክላዋ እና ቡናው

ትናንት ደሴ ሲዘንብ አመሸ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ከደጅ አይታይም። አክስቴ አቦሉን ቀድታ «ጀባ» ስትለኝ ያቺን ሸክላ አወጣኋት። የአጎቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ያመጣልኝ ናት። የሸክላ ማጫወቻው የሟቹ የአክስቴ ባል ነበር። መርፌው ከተቀየረለት ወዲህ ደህና ይሠራል።

ሸክላዋ ዘፈን የለባትም። ዲላን ቶማስ የሚባል የዌልስ ገጣሚ የጻፈውን ራሱ ያነብባታል። ባንዱ ፊት ስለ ልጅነቱ የገና በዓል የጻፈው ትረካ፣ በሌላው ግጥሞቹ።

አመጣጧን ሳስበው ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት የ22 ዓመት ሴቶች፣ ባርባራ ኮኸን እና ማሪያን ሮኒ፣ ኬድመን የሚባል ሸክላ አሳታሚ አቋቋሙ። ደራሲው የጻፈውን ራሱ ያንብበው ነው ሐሳባቸው። መጀመሪያ የቀረጹት ቶማስን ነው። ግጥሞቹ አንዱን ፊት ሞሉ። የቀረውን በምን እንሙላው ሲሉት ያንን የገና ትረካ አነሳላቸው። ቦታ ሊሞላ የገባው ትረካ ነው እስከ ዛሬ በየገናው የሚደመጠው! ኋላ አሜሪካዊቷ ደራሲ ዩዶራ ዌልቲም አጫጭር ልቦለዶቿን እዚያው አንብባለች።

በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የድሮ ሸክላ ባንድ ፊቱ ከአራት አምስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ትረካ በየመሀሉ ይቆረጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ሎንግ ፕሌይ የሚባለው ሸክላ ሲወጣ ነው አንዱ ፊት ከ20 ደቂቃ በላይ መያዝ የቻለው። አንድ አቦል ተጠጥቶ ቶናው እስኪፈላ በሉት።

አክስቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ሰውዬው ድምጹን እየሳበ ሲጀምር ግን ሲኒዋን እንደያዘች ቀረች።

«መንዙማ ነው እንዴ?»

«አይ፣ ታሪክ ነው። ስለ ልጅነቱ ነው የሚያወራው።»

«ታዲያ ለምን ያዜመዋል?»

መልስ አጣሁ። ትረካውን ከዚህ በፊት በወረቀት አንብቤዋለሁ፤ ዜማ እንዳለው አላወቅሁም ነበር። እኔ ሮጬ ያለፍኩት ቦታ ላይ እሱ ይቆማል። ቃል በቃል ላይ ይደርባል፣ ይደርባል፣ ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ መጽሐፉ ውስጥ የለችም።

እኛ ቤት ያሉት ሸክላዎች ሁሉ ዘፈን ናቸው፤ አምሃ እሸቴ ያሳተማቸውም አሉበት። የደራሲ ድምጽ ያለበት አንድም የለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ያነበበውን በጣም እወደዋለሁ። በዛብህን ሳስብ የሚሰማኝ የሱ ድምጽ ነው። ግን ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ሲያነቡት ብሰማ እላለሁ። የቱ ጋ ቀስ ይሉ ነበር? የቱስ ጋ ድምጻቸው ይሰበር ነበር? የጻፈው ሰው ብቻ የሚያውቃቸው ቦታዎች አሉ፤ እነሱን መስማት ያምረኛል።

ትረካው አለቀ። መርፌዋ እየተንሻከከች ስትዞር አክስቴ ቶናውን ቀዳች።

«ሰውየው አለ?»

«የለም። ይሄን ካነበበ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ገና 39 ዓመቱ ነበር።»

«አላህ ይዘንለት።» ትንሽ ዝም አለች። «በል ገልብጣት፣ በረካው እስኪደርስ ያኛውንም እንስማለት።»